ቡናዬን የመለሰልኝ የ450 ብር ምክር

ጡቴ ውስጥ እብጠት ተገኝቶ ምን ልብላ፣ ምን ልተው ብዬ ባለሙያ ያማከርኩበትን ዋጋ በቅድሚያ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ለመጀመሪያው ቀን 450 ብር፣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ 250 ብር ከፍያለሁ። ቦታው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ሲኬድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት የሥነ ምግብ ምክር መስጫ ክፍል ናት። ስሟን አልጽፍም። ከታች የምወቅሰውን ሱቅ ስም ስለማልጠራ፣ የማመሰግነውንም ሳልጠራ ልለፍ።

ዕድሜዬ 34 ነው። መጋረጃና አልጋ ልብስ እሰፋለሁ። አምና ጥቅምት ላይ ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር እጄ ላይ ገባች። ስጫናት ትሸሻለች። ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉኝ። ያን ሌሊት እነሱን እያየሁ ነጋ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በእጅ ተዳሰስኩ፣ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደልኝ። ውጤቱ ፋይብሮአዲኖማ የሚባል የጡት እብጠት ሆነ። ካንሰር አይደለም። ከእሷ ሌላ ሁለቱም ጡቶቼ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች ታይተዋል። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጡቴ የሚከብደኝና የሚያመኝ ለካ ለዚህ ነበር። "በስድስት ወር ተመልሰሽ ትታያለሽ" ተባልኩ። ፈጣሪዬን እያመሰገንኩ ወጣሁ። ምን ልብላ፣ ምን ልተው ብዬ ግን አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም።

ሐኪሙ ያልነገረኝን ሰፈሩ በሙሉ ነገረኝ። ጎረቤቴ እትዬ "ቡና ነው እንዲህ ያደረገሽ፣ ዛሬውኑ ተዪ" አሉኝ። አክስቴ ከዲላ ደውላ ወተትና ቅቤ ከለከለችኝ። አንዷ ደንበኛዬ "ስኳር እብጠት ይቀልባል" አለችኝ። ሌላዋ አኩሪ አተር የሴት ሆርሞን አለው፣ የጾም ወተት እንዳትጠጪ አለች። የፈረንጅ ዶሮና እንቁላሉም ሆርሞን ይወጋል ተብሎ ቀረ። ሁሉም የተናገሩት ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። እኔም ሁሉንም ሰማኋቸው።

ከዚያ ገበያው አካባቢ ወዳለ የባህል መድኃኒትና የቫይታሚን መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ምን ዓይነት እብጠት እንደሆነ አልጠየቀኝም። የምወስደው መድኃኒት ይኖር እንደሆነ አልጠየቀኝም። እርጉዝ ልሁን አልሁን አልጠየቀኝም። የሽፈራው፣ የጥቁር አዝሙድና የአብሽ ድብልቅ ዱቄት ሰጠኝ። ከላዩ ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ ከሚባል የአበባ ተክል ዘር የሚወጣ ዘይት ካፕሱል ጨመረበት። "በሦስት ወር ሟሙቶ ይጠፋል" አለኝ። 2,800 ብር ከፈልኩ። የሁለት ሳምንት ሥራዬ ማለት ነው። ሆዴ ሲነፋ፣ ሲያቅለሸልሸኝ ከረመ። እብጠቷ ንቅንቅ አላለችም።

በአምስት ወር 6 ኪሎ ቀነስኩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ቡናው ነው። የሲዳማ ቡና በሚጠጣበት አገር፣ ከአቦል እስከ በረካ ውኃ ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ቆይቶ መቀመጡንም ተውኩት። ጡቴን ባመመኝ ቁጥር ደግሞ "ምን በልቼ ነው?" እያልኩ የትናንቱን ቀን እመረምር ነበር። አንድ ጊዜ ልጄ የልደት ኬክ ስታጎርሰኝ ደብቄ ተፋሁት። እሱን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

እንግዲህ ወደ ክፍሏ ልመለስ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ከእኔ ሳታንስ አትቀርም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "የምርመራ ወረቀትሽን ይዘሻል?" የሚል ነበር። ሰጠኋት፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የበላሁትን አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። እጾም እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ባለሙያ የለም። ሳወራ ዕንባዬ መጣ። ብዕሯን አስቀምጣ "እህቴ፣ ይሄን በምግብ አላመጣሽውም" አለችኝ። ለእኔ 450 ብሩ እዚያ ጋ አለቀ። የቀረው ምርቃት ነው።

ፋይብሮአዲኖማ በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሴት ሆርሞኖች ጋር የተያያዘ ነው። ከወር አበባ በፊት የሚመጣው ሕመምም ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት የሴት ሆርሞኖች በየወሩ ከፍና ዝቅ ሲሉ የሚፈጠር ነው። አንድን ምግብ ቆርጦ ይህን እብጠት ማሟሟት አይቻልም። ይሄንን ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፤ ፊቴ ላይ ማመንታቴን አይታ መሰለኝ።

የቡናውን ወሬ ምንጭም ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ የአሜሪካ ሐኪም ቡና፣ ሻይ፣ ኮላና ቸኮሌት ያቆሙ ሴቶች እብጠታቸው ጠፋ ብሎ ጻፈ። ሴቶቹ ግን ጥቂት ነበሩ፣ በዕጣም አልተመደቡም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሴቶችን ቡና በሚተዉና በማይተዉ ቡድኖች በዕጣ እየመደቡ ያወዳደሩ ጥናቶች ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ወሬው ግን አልሞተም። ይኸው እኛ ሰፈር ድረስ መጥቷል። "በኔ ቃል ብቻ አትመኚ፣ ራስሽ ላይ እዪው" አለችኝ። ለሁለት ወር በቀን ሁለት ስኒ እንድጠጣና በየማታው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየሰጠሁ ካሌንደር ላይ እንድጽፍ አዘዘችኝ። አንዳንድ ሴት ቡና ስትቀንስ ይሻላታል፤ እሷ ትቀንስ፣ ግን ለሕመሙ እንጂ እብጠቱን ለማሟሟት አይደለም አለች። የእኔ ካሌንደር ቡና ከተውኩባቸው ወራት ምንም አልተለየም።

አኩሪ አተር ውስጥ ኤስትሮጅንን የሚመስል ነገር አለ፣ ግን በጣም ደካማ ነው። እንደ ምግብ ሲበላ ጡት ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አልታየም። ሽሮዬ ውስጥ የተቀላቀለው አኩሪ አተርም፣ የጾም ወተቱም ተመለሱልኝ። የአኩሪ አተር ንጥረ ነገር የታጨቀበት ካፕሱል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዝም ብለሽ አትግዢ አለችኝ። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ የሚደርሰው በዝርያ መረጣና በመኖው ነው እንጂ በሆርሞን አይደለም። ወተትና ስኳርም ይህን እብጠት እንደሚያመጡ የታየ ነገር የለም። ስኳሩን መቀነሱ ለሌላ ነገር ይጠቅምሻል ብላ አለፈችው።

ቅቤው ላይ ግን ትንሽ ቆየን። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ፣ 21 ሴቶች ብቻ የተሳተፉበት ጥናት አለ። ከሚበሉት ኃይል ውስጥ የስቡን ድርሻ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ያደረጉት ከወር አበባ በፊት ያለው ሕመማቸው ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ መሆኑን አልደበቀችኝም። ይህን ያህል ስብ መቀነስም ለብዙ ሰው ከባድ ነው። እኔ ደግሞ ከቆጮና ከቅቤ ስለሚሠራው ቡርሳሜ ጠየቅኳት። የሲዳማ ሰው ቤት ለፍቼ ጨምበላላ ተጠርቶ ቅቤ አልበላም ማለት ቀላል አይደለም። "ለበዓሉ ብዪ፤ የየቀኑን ወጥ ግን ዘይቱን ቀንሺለት" አለችኝ። እንዲህ ያለ ምክር ነው ቤት ድረስ የሚከተል።

ተልባን ሳነሳ ፊቷ በራ። ካናዳ ውስጥ በተሠራ ጥናት በቀን 25 ግራም የተፈጨ ተልባ የበሉ ሴቶች ከወር አበባ በፊት ያለው የጡት ሕመም ቀለል ብሎላቸዋል። ይህም እብጠት አያጠፋም። ግን ተልባ እናቴ ቤት ሞልቷል፣ ለጾም ሁሌ እንወቅጠዋለን። አሁን ጠዋት ጠዋት ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ በውኃ በጥብጬ እወስዳለሁ። ሕመሜ ከ6 ወደ 4 ወርዷል። ተልባው ይሁን ጭንቀቱ መቅለሉ አላውቅም፤ እንዲሁ ነው የምነግራችሁ።

ካፕሱሉንስ? የፕሪምሮዝ ዘይት እንግሊዝ አገር ለጡት ሕመም የመድኃኒት ፈቃድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቃዱ ተነሳ፤ መሥራቱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። እኔ ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሐዋሳ ላይ ገዛሁት።

ያልጠበቅኩት ምክር የጡት መያዣ ነበር። "ማን ለካልሽ?" አለችኝ። ሜትር ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ነው፣ ራሴን ግን ለክቼ አላውቅም። ቤት ሄጄ ስለካ የምለብሰው ሁለት ቁጥር ይጠበኛል፣ ማሰሪያውም ላልቷል። ደህና አድርጎ የሚደግፍ ገዛሁ። ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ስል የነበረው ሕመም በሳምንቱ ቀለለኝ። ከምግቡ ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

የማይመቸውንም ልናገር። ቀጠሮዬ ስምንት ሰዓት ነበር፣ የገባሁት ዘጠኝ ከሃያ ነው። ስልክ አያነሱም። ሊፍት የለም። ክፍሉ በመጋረጃ ነው የተከፈለው፤ ሳለቅስ ውጭ ያሉት ሰምተውኛል። ለጡት ጉዳይ የምትመጣ ሴት በር ያስፈልጋታል። የተሰጠኝ የታተመ ወረቀትም በእንግሊዝኛ ነበር። ሳልመን፣ ብሮኮሊ፣ ብሉቤሪ ይላል። እዚሁ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ቀረሶ ዓሣ እየተሸጠ፣ ጓሮዬ ጎመን እያለ ሳልመን ምን ያደርግልኛል? ነገርኳት። አልተቀየመችም። በሁለተኛው ቀጠሮ በአማርኛ፣ በእጇ ጽፋ ጠበቀችኝ። ዓሣ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆጮ፣ ተልባ ይላል። ወረቀቱ ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከዚያ ሱቅ ያንኑ ዱቄት የምትወስድ አንዲት የሰፈሬ ሴት አለች። እሷ ጭራሽ አልተመረመረችም። እብጠቱን ካገኘችው ዓመት ሊሞላው ነው። ይሄን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። የእኔ ካንሰር አለመሆኑ የታወቀው በአልትራሳውንድና በመርፌ ናሙና እንጂ በዱቄት አይደለም። ባለሙያዋም ቁርጡን ነግራኛለች። እብጠቱ ካደገ፣ የጡት ቆዳ ከተሰረጎደ፣ ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ፣ ብብት ሥር ጠጣር ነገር ከተገኘ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው። ያልተመረመረች ሴት ብትመጣባትም መጀመሪያ ተመርመሪ ብላ ትመልሳታለች። ብር አይታ አታስቀምጥም። ያቺን ሴት ባለፈው ሰኞ ባጃጅ ይዤ ራሴ ሆስፒታል አድርሻታለሁ። ውጤቷን እየጠበቅን ነው።

የእኔ የስድስት ወር አልትራሳውንድ ደረሰ፣ ታየሁ። መጠኗ ያው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ቤት ሄጄ አቦሉን ጠጣሁ፣ ሁለተኛውንም ጠጣሁ። እትዬ አንዴ ስኒውን አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ "እስቲ የነገረችሽን ለእኔም ንገሪኝ" አሉኝና ሦስተኛውን ቀዱልኝ።

ክፍሏ የምትሠራው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። የምርመራ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ስለማያነሱ በአካል ሄዳችሁ ተመዝገቡ።