ሃያ ስድስቷን ሳይክሌን ላተረፉልኝ መካኒክ

ምስጋና መጻፍ አይሆንልኝም። ሲከፋኝ እንጂ ሲደላኝ ጽፌ አላውቅም፤ የተከፋሁበትንም ቢሆን ግማሹን ሳልለጥፈው አጠፋዋለሁ። ዛሬ ግን አንድ የሳይክል መካኒክ ላመሰግን ነው። ሳይክሌን ስለጠገኑልኝ ብቻ አይደለም። ገንዘቤን ይዤ ሄጄ «ይህን ይሥሩልኝ» ያልኳቸውን ነገር «አልሠራም» ብለው ስለመለሱኝ ነው።

ሳይክሏ ማውንቴን፣ የተራራ ሳይክል ናት። ቴላዮዋ (ዋና አካሏ) ብረት፣ ቸርኬዋ ሃያ ስድስት ኢንች፣ ፍሬኗ በሁለት ክንድ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጥ ዓይነት። ሃያ ዓመት አልፏታል። ከመሪው ሥር ቀለሟ ተልጧል፣ መቀመጫዋን ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ግን እንደሷ የሚመቸኝ ሳይክል አላገኘሁም። ከጥቂት ወራት በፊት ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የኋላው ቸርኬ «ድግ፣ ድግ፣ ድግ» እያለ እጄ ድረስ ይሰማኝ ጀመር።

አንድ መሸጫ ወሰድኳት። ሻጩ ከባንኮኒው ሳይነሳ «ሃያ ስድስት ናት? እሱማ ቀረ እኮ። ጎማም ቸርኬም አይመጣለትም፣ ሃያ ዘጠኝ ውሰጂ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላያትም። መርዶ እንደተነገረው ሰው ሆኜ ወጣሁ።

ከዚያ የራሴን ጥፋት ጨመርኩበት። ጎማ አይመጣም የተባለውን ላፈርስ ብዬ ራሴው ጎማ አዘዝኩ፤ ላዩ ላይ ሃያ ስድስት ይላል። ሲደርስ ቸርኬዬ ውስጡ ዋኘበት፣ የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከፔዳሉ መሃል ያለው ኩሽኔታ ይንጫጫል ብዬ ልፈታው ተነሳሁ። በቀኝ በኩል ጥርሱ ግራ ዙር እንደሆነ አላወቅኩም ነበርና እፈታለሁ ብዬ ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ አጠበቅኩት። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ሳይክል ቀይሮ የቀድሞዋን ቸርኬዎች ሰጠኝ፤ ሃያ ሰባት ተኩል። «አንድ ኢንች ተኩል ምን ሊያመጣ!» አልኩ። እኚህ ሰው ዘንድ የደረስኩት እንግዲህ ሳይክሏን፣ የማይሆነውን ጎማና የሰው ቸርኬ ተሸክሜ ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

ጋሼ ወሬዬን አልሰሙኝም። ሳይክሏን ገልብጠው የኋላውን ቸርኬ አወጡና ጎማውን አወለቁ። ከደረት ኪሳቸው አጭር የብረት ማስመሪያ መዘው፣ ፍሬኑ የሚነክሰው የቸርኬው ጎን ላይ በጠርዙ አስደግፈው ወደ መስኮቱ አዞሩት። «እዪ» አሉኝ። በማስመሪያውና በቸርኬው መሃል እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጠን ያለ ብርሃን ሾልኮ ገባ። የፍሬን ጎማ ሃያ ዓመት ሙሉ እየፋቀ ጎኑን አጎድጉዶታል። ዙሪያውን ተሰምራ የነበረችው የመበላት ምልክትም ጨርሳ ጠፍታለች። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጎኑ ወደ ውጭ አበጥ ብሏል፤ ጣቴን ይዘው አስዳሰሱኝ። «ድግ ድግ የሚልሽ ይቺ ናት። ጎማው አየር ሲሞላ ይህን ስስ ጎን ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይሰነጠቅና እንደ ቆርቆሮ ይገለበጣል። ያን ቀን ፍሬንም የለሽ፣ ጎማም የለሽ» አሉኝ። ያ «ቀረ እኮ» ያለኝ ሻጭ አንድ ጊዜ ጎንበስ ቢል ኖሮ ይህን ያየው ነበር። እኔም በዚያ ቸርኬ ስንት ቁልቁለት እንደወረድኩበት ሳስበው ሆዴን ባር ባር አለው።

ወደ ጎማው ዞሩ። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጠርገው ቁጥር አሳዩኝ፣ 37-590። የእኔ አሮጌ ጎማ ላይ ደግሞ 50-559 ይላል። ፊተኛው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ኋለኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዳር እስከ ዳር ሲለካ። ሁለቱም «26» ተብለው ነው የሚሸጡት! አንዱ 26 በ1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ ይጻፋል፣ ሌላው 26 በ1.95 ተብሎ በነጥብ፤ ግን በመሃላቸው 31 ሚሊሜትር አለ። «ኢንቹን እርሺው፣ ኢንች የሻጭ ቋንቋ ነው። ባለ ሦስት አሃዙን ያዢ» አሉኝ። የማውንቴን 26 ማለት 559 ነው፣ 27.5 የሚባለው 584፣ 29 የሚባለው 622። ስሙን ያየ 27.5 ልክ መሃል ላይ ያለ ይመስለዋል። አይደለም፤ ከ26 በ25 ሚሊሜትር ይበልጣል፣ ከ29 በ38 ያንሳል። 29ም ቢሆን አዲስ ግኝት አይደለም፤ የአስፋልት ሳይክሎች 700 ሲ እያሉ የኖሩበት ያው 622 ነው፣ ወፍራም ጎማ አለበሱት እንጂ። ይህን ስሰማ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተናደድኩ።

የጓደኛዬን ቸርኬዎች ሳወጣ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። የኋላው ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት የቸርኬው እምብርት) ስፋት 148 ሚሊሜትር፤ በእኔ ቴላዮ ላይ ቸርኬው የሚገባበት አፍ 135። «ብረት ስለሆነ በጉልበት ይከፈታል የሚልሽ አይጠፋም። በ13 ሚሊሜትር ግን እኔ አልከፍትም» አሉ። እኔ ደግሞ ችክ አልኩ። ሞዞው ተቀይሮ ቸርኬው ብቻ ቢቀርስ? ሌላ ሰው ቢሆን «እሺ» ብሎ ሠርቶ ሒሳቡን ይቀበል ነበር፤ ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ከፋዩዋም እኔ። ጋሼ ግን ከግድግዳ ላይ ሞዞው 135 የሆነ የ584 ቸርኬ አውርደው ሳይክሌ ላይ ከተቱት። ገባ።

«ገባ እኮ!» አልኩ በደስታ።

«ፍሬን ያዢ።»

ያዝኩ። የፍሬኑ ጎማዎች ቸርኬውን ስተው ከሥሩ ሽቦዎቹ ላይ አረፉ። 25 ሚሊሜትር ሲካፈል የቸርኬው ጠርዝ 12 ሚሊሜትር ተኩል ከፍ ብሏል፤ የፍሬን ጎማው ደግሞ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ያን ያህል አይንሸራተትም። ቀጥለው በጎማውና በቴላዮው የኋላ እግሮች መሃል ጣቴን እንዳስገባ ነገሩኝ። ጥፍሬም አልገባ። ትንሽ ጭቃ ቢይዝ እዚያው ተሰንቅሮ ይቆማል። «ዲስክ ፍሬን ቢኖርሽ ግማሹ ችግር ይቀልልሽ ነበር፣ ዲስክ የሚይዘው ሞዞው ላይ ያለውን ሳህን ስለሆነ ስለ ቸርኬው ቁመት አይጨነቅም። የአንቺ ፍሬን ግን መቀመጫው ቴላዮው ላይ ተበይዷል፤ የተበየደውም ለ559 ነው» አሉኝ። ይህን ሁሉ ሲያሳዩኝ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። አንድ ሳንቲም አልጠየቁበትም።

ስለዚህ ሞዞዬ ይቆይና በአዲስ 559 ቸርኬ ይታሰር ተባባልን። ሽቦ ሲያስገቡ ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሞዞውን ፈቱት፤ ከኋላው በያንዳንዱ ጎን 9 ኳሶች አሉት፣ ሁሉንም ቀየሯቸው። ከዚያ 32 ሽቦ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሽቦ እያቋረጠ። በማርሹ በኩል ያሉት አጠር ያሉና ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው፤ ማርሹ ቦታ ስለሚይዝ በዚያ በኩል ያለው የሞዞው ጆሮ ወደ መሃል ገባ ይላል። ጋሼ ሽቦውን እንደ ክራር ክር በጥፍራቸው ይነኩትና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ድምፁ ወፈር ካለ ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፣ ትንሽ መለስ ያደርጋሉ፣ እንደገና ይነካሉ። የግራውና የቀኙ ድምፅ ለየቅል ነው፤ ባንድ ወገን ያሉት ግን እርስ በርስ ካልገጠሙ አይለቋቸውም። እኔ አሥረኛው ሽቦ ላይ ልዩነቱ መሰማት አቆመኝ።

ያኔ ነው «ግን ይህ ሃያ ስድስት ከመጀመሪያው ከየት መጣ?» ብዬ የጠየቅኳቸው። ወሬ ይወዳሉ፣ እጃቸው ግን ሥራ አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ ከታማልፓይስ ተራራ በታች የሚኖሩ ወጣቶች ከየጓሮው አሮጌ ሳይክል እያነሱ የአፈር ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። ሳይክሎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያ ዙሪያ የተሠሩ፣ ከባድና ባለ ወፍራም ጎማ ነበሩ። ፍሬናቸው ከኋላው ሞዞ ውስጥ ነው፣ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ይይዛል። ታች እስኪደርሱ ሞዞው ግሎ ግሪሱ ይጨሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ተፈትቶ እንደገና ግሪስ መሞላት ነበረበት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1976 የጀመሩት የቁልቁለት ውድድር «ሪፓክ» የተባለውም ከዚህ ዳግም መሙላት የተነሳ ነው። በ1977 ከእነሱ አንዱ የሆነው ጆ ብሪዝ ለዚሁ ጨዋታ ብሎ ቴላዮ መሥራት ሲጀምር፣ ለአፈር የሚሆን ወፍራም ጎማ ያለው በ559 ነበርና በዚያው ቀጠለ። «ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላውም። ከአሮጌ ዕቃ ክምር የተነሳ ቁጥር ነው፤ ሲጀመርም ጊዜው አልፎበት ነበር» አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደብሊው ቲ ቢ የተባለው የሳይክል ዕቃ አምራች «ናኖራፕተር» የሚባል ለ622 የሚሆን ወፍራም የተራራ ጎማ አወጣና 29 መንገድ አገኘ። በ2012 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ተወዳዳሪ ኒኖ ሹርተር ደቡብ አፍሪካ ፒተርማሪትዝበርግ ላይ የዓለም ዋንጫ ውድድር በ27.5 አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች 26ን ከአዳዲስ ሞዴሎቻቸው አወጡት።

ጋሼ ግን የትልቅ ቸርኬ ጠላት እንዳይመስሏችሁ። አዲስ ሳይክል ልገዛ ብዬ ብመጣ 29 ግዢ እንደሚሉኝ በግልጽ ነግረውኛል፤ ድንጋይና ሥር ላይ ሲደርስ አይተክልም፣ ይንከባለልበታል። እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቴላዮው የተሰነጠቀበት አንድ ልጅ መጣ፤ ሳይክሉ ከእኔዋ አዲስ ነው፣ እሱን ግን «ይብቃው» ብለው መለሱት።

ሌላውን በአጭሩ። ሰንሰለቴን ለኩት፤ 24 ዓይን ልክ 12 ኢንች መሆን ሲገባው በ1/8 ኢንች ረዝሟል። በ1/16 ላይ ብቀይረው ኖሮ የኋላው ጥርስ ይተርፍ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ተቀየሩ። ባለ 8 ማርሽ ዕቃ እንደ ልብ እንደሚገኝ ያወቅኩትም ያኔ ነው። የፔዳሉን ኩሽኔታ ሊፈቱ ሲታገሉ «ማነው ይህን እንዲህ የጠረቀመው?» ሲሉ ዝም አልኩ። አወቁ መሰለኝ፣ አልደገሙትም።

አሮጌ ሃያ ስድስት ያላችሁ ካላችሁ፣ ከምክራቸው የጠቀመኝን ላካፍላችሁ። ጎማ አትፍሩ፤ ለዝላይ የሚሠሩ ሳይክሎች ዛሬም 26 ስለሆኑ ጥሩ ጥሩ ጎማ ይወጣል። ከመነዳሪ ከናካቴው አያሳስብም። ቀድሞ የሚጠፋው ጎኑ ለፍሬን ጎማ የተዘጋጀ ደህና ቸርኬ ነው፣ አዲሶቹ በአብዛኛው ለዲስክ ብቻ ናቸውና፤ ስታገኙ አንድ ትርፍ ግዙ። ሁለተኛው የፊት ሹካ ነው። የዛሬዎቹ አንገታቸው ከታች ወደ 1.5 ኢንች ይሰፋል፣ የድሮ ቴላዮ ደግሞ ከላይ እስከ ታች 1 1/8 ነው። ሹካችሁ ያለ ሾክም ቢሆን ጤነኛ ከሆነ አትጣሉት።

እንከን የላቸውም አልልም። ሦስት ቀን ያሉት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሽቦ ሲወጥሩ ስልክ አያነሱም፣ ድምፁን አጠፋብኝ ይላሉ። ሳይክላችሁን ሳታጥቡ ከሄዳችሁ ከበር ነው የሚመልሷችሁ፤ አንዱን ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሒሳቡን በእጅ ጽፈው፣ እያንዳንዷን ዳዶ ቆጥረው፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርገው ነው ያስረከቡኝ። ያ የተጎደጎደ ቸርኬም ከነማስመሪያው ምልክት አብሮ አለ።

አድራሻቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ሰው እንዳይበዛብኝ ብለውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የጎማችሁን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። የእኔን እንኳ ከመቀመጫዬ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ ጽፈውልኛል፤ «559፣ 135፣ 1 1/8። ከዚህ ውጪ እንዳታዥ።»