ዊንድሚል ማይክሮሌንዲንግ፦ ለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ብድር የሚያዋጣው ለማን ነው?

በሌላ አገር ተምሮ ካናዳ የገባ ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም መሐንዲስ ሙያውን ለመቀጠል ሲነሣ ክፍያው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። የትምህርት ማስረጃ ይገመገማል፣ ቋንቋ ይፈተናል፣ የሙያ ፈተና ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ማሟያ ኮርስ ይጨመራል። ሁሉም ቀድሞ የሚከፈል ነው። ባንኮች ደግሞ የካናዳ ክሬዲት ታሪክ ለሌለው ሰው ለማበደር ስለሚያመነቱ ብዙው ሰው የፈተናውን ክፍያ ክሬዲት ካርድ ላይ ይጭነዋል። ዊንድሚል ማይክሮሌንዲንግ የሚያበድረው ለዚህ ሰው ነው።

ድርጅቱ በ2005 ካልጋሪ ውስጥ ሲጀመር ስሙ ኢሚግራንት አክሰስ ፈንድ ነበር። መሥራቿ ሳይኮሎጂስቷ ማሪያ ኤሪክሰን ናቸው። የአሁኑን ስም የያዘው በ2018 ነው። የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆነ ከወለዱ የሚያተርፍ ባለ አክሲዮን የለውም። ከተበዳሪዎቹ 97 በመቶ ገደማ ብድራቸውን እንደሚመልሱ ድርጅቱ ራሱ ይገልጻል። ያለ መያዣ ለሚያበድር ተቋም ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ማመልከቻዎችን ምን ያህል አጣርቶ እንደሚቀበልም ያሳያል።

የብድሩ ጣሪያ ለዓመታት 15,000 የካናዳ ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ወለዱ ቋሚ ነው፤ የባንኮች የወለድ መጠን ቢወጣም ቢወርድም የፈረሙበት አይለወጥም። ቤት ወይም መኪና ማስያዝ አያስፈልግም፣ ቀድሞ ለከፈለም ቅጣት የለም። በጊዜው የተከፈለ ወርኃዊ ክፍያ ለክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት ስለሚደረግ ታሪክ የሌለው ሰው በዚሁ ብድር ታሪክ ይገነባል። ኮርስ ወይም ፈተና ላይ እስካሉ ድረስ የሚከፈለው ወለድ ብቻ ሲሆን ዋናው ገንዘብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ለትምህርት ማስረጃ ግምገማ፣ ለፈተና፣ ለኮርስ፣ ለመጻሕፍትና ለጉዞ ይውላል። ከሁሉም በላይ ግን በጥናት ጊዜ ለመኖሪያ ወጪ መዋሉን እናደንቃለን። ፈተና የሚወድቁ ብዙ ባለሙያዎች ዕውቀት ጎድሏቸው አይደለም፤ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሠርተው ቀን ማጥናት ስላልቻሉ ነው። ከሁለት ሥራ አንዱን ለአራት ወር ለማቆም የሚያስችል ገንዘብ ከማንኛውም የማጠናከሪያ ኮርስ የበለጠ ያሳልፋል። የመንግሥት የተማሪ ብድር ይህን አያደርግም፤ የሚሰጠው በተፈቀደ ተቋም በተፈቀደ ፕሮግራም ለተመዘገበ ሰው ስለሆነ ቤቱ ሆኖ ለቦርድ ፈተና የሚያነብን ሰው አያውቀውም።

ወለዱን በቁጥር እንየው። ለስሌት ያህል 10,000 ዶላር በ6 በመቶ ተበደሩ እንበል። በጥናት ወቅት በወር የሚከፈለው 50 ዶላር ነው። ከዚያ በ36 ወር ይመለስ ቢባል ወርኃዊው ክፍያ ወደ 304 ዶላር ይዘላል። አንድ ዓመት በወለድ ብቻ ከቆየ ጠቅላላው ወለድ ወደ 1,550 ዶላር ይደርሳል። ያው 10,000 ዶላር 20 በመቶ የሚያስከፍል ክሬዲት ካርድ ላይ ቢሆን ለወለድ ብቻ በወር 167 ዶላር ገደማ ይሄዳል፤ በአንድ ዓመት 2,000 ዶላር ማለት ነው፣ ከዕዳውም አንድ ሳንቲም አይቀነስም። ስለዚህ ርካሽነቱ ላይ ክርክር የለንም። አደጋው ከ50 ወደ 304 የሚደረገው ዝላይ ላይ ነው። በ50 ዶላሩ ወራት ሰው ይዘናጋል፤ ፈቃዱ ቢዘገይ ግን ዝላዩ በድሮው ደመወዝ ላይ ይመጣል። ብድሩ እንደጸደቀ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሙሉ ክፍያውን ግማሽ ያህል ለብቻ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ያስቀምጥ። ፈተናው አንድ ጊዜ ቢያመልጥ ያ ገንዘብ የጥቂት ወራት እፎይታ ይሆናል።

ማመልከቻው ኦንላይን ነው፤ ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር ቃለ ምልልስም አለ። ዋናው መስፈርት ከካናዳ ውጭ የተገኘ የድኅረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም ሙያና የመኖሪያ ሁኔታ ነው። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ (ፒአር) ያለው፣ ዜጋ የሆነ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ያመለክታል። ጎብኚና ዓለም አቀፍ ተማሪ አይስተናገዱም፣ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለትም እንዲሁ። የክሬዲት ታሪክ አለመኖር ችግር አይደለም፤ የተበላሸ ታሪክ ግን ችግር ነው። ያልተከፈለ የስልክ ሒሳብ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ተላልፎ ከሆነ ማመልከቻው እዚያው ይደናቀፋል። ሁለቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስም ትራንስዩኒየንም፣ ሪፖርታቸውን በነፃ ስለሚሰጡ ሁለቱንም አስቀድሞ ማየትና እንዲህ ያለውን ማጽዳት ይገባል። በስደተኝነት ተወስነው የመጡ ሰዎች ከካናዳ መንግሥት የወሰዱት የአውሮፕላን ትኬት ብድር ካለባቸው በወጪ ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡት። ከ2018 ጀምሮ ወለድ የለውም፣ ወርኃዊ ክፍያው ግን አለ።

ማመልከቻ የሚያሳልፈው ወይም የሚጥለው የጥናት ዕቅዱ ነው። «ነርስ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የትኛው ክፍለ ሀገር፣ የትኛው ፈቃድ ሰጪ አካል፣ የትኛው ፈተና፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ዶላር የሚለው መስመር በመስመር መታየት አለበት። በካናዳ ፈቃድ የሚሰጠው በክፍለ ሀገር ስለሆነ ኦንታሪዮ የሚጠየቀውና አልበርታ የሚጠየቀው አንድ ላይሆን ይችላል። የሚኖሩበትን ሳይወስኑ የተሠራ ዕቅድ ገንዘብ ያባክናል።

የነርስን ጉዞ እንውሰድ፤ አብዛኛው ስህተት የሚታየው እዚህ ነው። በአንዳንድ ክፍለ ሀገራት የመጀመሪያው ደጃፍ የብሔራዊ የነርሲንግ ግምገማ አገልግሎት፣ በተለምዶ ኤንናስ የሚባለው ነው። ክፍያውን የሚቀበለው በአሜሪካ ዶላር ነው። በጀቱን በካናዳ ዶላር ያወጣ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። ትራንስክሪፕቱ ከኮሌጁ ሬጅስትራር፣ የሥራና የምዝገባ ማረጋገጫው ከቀድሞ መሥሪያ ቤትና ከፈቃድ ሰጪው በቀጥታ መላክ አለበት፤ አመልካቹ በእጁ ይዞት የሚመጣ ወረቀት አይቆጠርም። ሬጅስትራሩ ካዘገየ ሁሉም ነገር ይቆማል። የቋንቋ ፈተናውን ደግሞ ሰው ቸኩሎ መጀመሪያ ይወስደዋል። የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ወረቀቱ ሲጓተት ውጤቱ ጊዜው ያልፍና እንደገና ይከፈላል። ስለዚህ ሬጅስትራሩን በስልክም በሰውም አስቸኩሎ፣ ሰነዱ መላኩን አረጋግጦ፣ ከዚያ ለቋንቋው መመዝገብ ይሻላል። አይኤልትስ የከበደው ነርስ በነርሶች ቋንቋ የተዘጋጀውን ሴልባንን ይይ።

ግምገማው ሲመለስ ወይ ቀጥታ ወደ ኤንክሌክስ ይመራል፣ ወይ ማሟያ ኮርስ ያዛል። በካናዳ የሬጅስተርድ ነርሶች ፈተና ከ2015 ጀምሮ ኤንክሌክስ ነው፤ ኩቤክ የተከተለችው ዘግይታ ነው። ክፍያው 360 የካናዳ ዶላር ሲሆን ለወደቀ ሰው በሁለት ፈተና መካከል ቢያንስ 45 ቀን ይጠበቃል። የወጪው ልዩነት ግዙፍ ነው፤ ቀጥታ የተመራ ሰው በጥቂት ሺህ ዶላር ሊጨርስ ይችላል፣ ማሟያ የታዘዘበት ግን ጣሪያው ላይ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ግምገማው ሳይመለስ ትልቅ ብድር አትፈርሙ የምንለው። ለግምገማው የሚሆነውን ከኪስ መክፈል የሚችል ይክፈል። የማይችል መጀመሪያ ለግምገማና ለቋንቋ የሚበቃውን ብቻ ይጠይቅ፣ የቀረውን ውጤቱ ሲታወቅ።

ለፋርማሲስት ብድሩ ከሁሉም ይበልጥ ይስማማል ብለን እናምናለን። ፋርማሲስቶችን የሚፈትነው የካናዳ ቦርድ፣ የፒኢቢሲ፣ መንገድ ግልጽ ነው፦ የሰነድ ግምገማ፣ የመመዘኛ ፈተና፣ ከዚያም ሁለት ክፍል ያለው የማጠቃለያ ፈተና፤ አንዱ በጽሑፍ፣ ሌላው ታካሚ መስለው በሚቀርቡ ሰዎች ፊት። የአራቱ ድምር ከ4,000 ዶላር ያልፋል። ቀኖቹ አስቀድመው ስለሚታወቁ ዕቅዱን በየወሩ መከፋፈል ቀላል ነው፣ ብድሩም ከዕቅዱ ጋር ይሄዳል። የሚረሳው የተግባር ልምምድ ጊዜ ነው። ክፍያ የሌለው ወይም አነስተኛ ክፍያ ያለው ሊሆን ስለሚችል የመኖሪያውን ወጪ ለእነዚያ ወራት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሐኪም ግን ቆም ብሎ ያስብ። የካናዳ ሜዲካል ካውንስል የመጀመሪያ ክፍል ፈተና ከ1,000 ዶላር፣ ናክ የሚባለው የተግባር ፈተና ከ2,500 ዶላር በላይ ያስወጣሉ። ሁለተኛው ክፍል በ2021 ስለቀረ የድሮ መመሪያ የያዘ ሰው አይደናገር። ሁለቱንም በጥሩ ውጤት ማለፍ ግን የሬዚደንሲ፣ ማለትም ከፈቃድ በፊት የሚወሰድ የሆስፒታል ሥልጠና፣ ቦታ አያስገኝም። ሬዚደንሲውን በሚያደላድለው ካርምስ በኩል ለውጭ ምሩቃን የሚመደበው ቦታ ከአመልካቹ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ብድሩ ግን ቦታ ተገኘም አልተገኘም ይመለሳል። በአገሩ ልምድ ያካበተ ሐኪም ሬዚደንሲ የማይጠይቀውን፣ በሥራ ላይ የሚመዘንበትን የፕራክቲስ ሬዲ ምዘና መንገድ በሚኖርበት ክፍለ ሀገር አስቀድሞ ይመርምር። በዕቅዱ ውስጥም ሁለተኛ መንገድ ይጻፍ፦ የክሊኒካል ምርምር፣ የአልትራሳውንድ ወይም የሕዝብ ጤና ሥራ። ሁለተኛ መንገድ የሌለው የሐኪም ብድር ያሳስበናል።

ለመሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ብድር አያስፈልግም። የኦንታሪዮ መሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ የሆነው ፒኢኦ በ2023 የካናዳ የሥራ ልምድ ግዴታውን አንሥቷል፤ የቀረው የትምህርት ምዘና፣ የብቃት ማስረጃና የሙያ ሥነ ምግባር ፈተና ነው። ተጨማሪ ቴክኒካዊ ፈተናዎች ካልታዘዙ ከደመወዝ ላይ ቀስ እያሉ መክፈል ይቻላል።

ቅሬታችን ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ 15,000 ዶላር ቶሮንቶና ቫንኩቨር ውስጥ ልጆች ላሉት ሰው የኮርስም የኑሮም ወጪ አይሸፍንም፤ ረጅም ማሟያ ኮርስ ለሚወስድ የኮርሱ ክፍያ ብቻ ሊጨርሰው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከገንዘብ ጋር ያልተያያዘውን የፈቃድ ሰጪ አካላት መዘግየት ብድር አይፈታውም፤ የመክፈያው ሰዓት ግን ይቆጥራል። ቀጠሮው ከሰጪው አካል በኩል ከተራዘመ ክፍያው ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ለድርጅቱ ማሳወቅ ይገባል። አንድ ክፍያ ካለፈ በኋላ ማስረዳት የክሬዲት ሪፖርቱን አያጠራውም።

ከመፈረም በፊት ሌላም የሚጣራ አለ። ማኅበራዊ ድጋፍ የሚቀበል ሰው ብድሩ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ድጋፉ እንዳይቀነስበት ኬዝ ወርከሩን በጽሑፍ ይጠይቅ። የሥራ አጥ ኢንሹራንስ ላይ ያለም የሙሉ ጊዜ ኮርስ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ያግኝ፤ ያለፈቃድ ከጀመረ ለሥራ ዝግጁ አይደለም ተብሎ ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል።

ብድር ከመውሰድ በፊት የማይመለስ ገንዘብ መፈለግ ይቀድማል። ኦንታሪዮ ውስጥ በመንግሥት የሚደገፍ ብሪጂንግ ፕሮግራም (በውጭ የተማሩትን ለካናዳ ፈቃድ የሚያዘጋጅ ትምህርት) ለገቡ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ የድጋፍ ገንዘብ አለ፤ የሚያመለክቱት በሚማሩበት ተቋም በኩል ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ካሪር ፓዝስ በተባለው ፕሮግራም የግምገማና የሥልጠና ወጪ ይሸፍናል። ማኒቶባ የሚኖር ሰው ደግሞ ሲድ ዊኒፔግ የተባለው ድርጅት የሚሰጠውን ሪከግኒሽን ካውንትስ የተባለ ብድር ያነጻጽር፤ እስከ 10,000 ዶላር በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል፣ ምክሩም ፊት ለፊት ነው።

የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ። በሕግ ለሚታወቅ የሙያ ፈቃድ የሚከፈል የፈተና ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ ከሆነ እንደ ትምህርት ክፍያ ተቆጥሮ የግብር ቅናሽ ያስገኛል፤ በዚያ ዓመት በቂ ግብር ከሌለ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። በተበደሩት ገንዘብ መክፈልዎ ይህን አይከለክልም። ዕድሜያቸው ከ26 እስከ 65 የሆኑና መጠነኛ የሥራ ገቢ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ግብራቸውን ባሳወቁ ቁጥር በዓመት 250 ዶላር የሥልጠና ክሬዲት ይጠራቀምላቸዋል፣ ጣሪያው 5,000 ነው። ከክፍያው እስከ ግማሽ ድረስ በጥሬ ገንዘብ ይመለሳል። የብድሩ ወለድ ግን እንደ መንግሥት የተማሪ ብድር ወለድ አይቆጠርም፤ በዚያ መስመር የሚሞሉ ሰዎች ከግብር መሥሪያ ቤቱ የማስተካከያ ደብዳቤ ይመጣባቸዋል።