በሶ ለማራቶን፦ ማለዳ ላይ አንደኛ፣ መንገድ ላይ ከባድ

«አበበ በሶ በላ» እያለ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በሶን ያውቀዋል። የሩቅ መንገደኛ ስንቅ ነው፤ የወታደርና የተማሪ ቁርስ ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ወይም ጃን ሜዳ ዙሪያ ከሚሮጡ አማተር ሯጮች ዘንድ ደግሞ «በሶ እያለን ጄል ለምን እንገዛለን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፤ ጄል ማለት ሯጮች እየሮጡ ከትንሽ ከረጢት የሚመጡት ወፍራም ጣፋጭ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ሰዓቱ ይወስነዋል። በሶ ከሩጫ በፊት ከሚበሉ ነገሮች ሁሉ አንደኛ ነው፤ ከሩጫ በኋላም እንደዚያው። በማራቶን ፍጥነት እየሮጡ ሊበሉት ግን ከባድ ነው። ከ42 ኪሎ ሜትር አልፎ እርምጃና ሩጫ የሚቀላቀልበት ርቀት ሲመጣ እንደገና ጥሩ ስንቅ ይሆናል።

መጀመሪያ ግዢው። መሀል አዲስ አበባ ላይ በሶ በሦስት መንገድ ይገኛል፦ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ታሽጎ፣ ባልትና ቤቶች ውስጥ በኪሎ እየተመዘነ፣ ወይም ከመርካቶ እህል በረንዳ ገብሱን ገዝቶ ቤት ቆልቶ በማስፈጨት።

የታሸገው ጥቅሙ ቀኑና ይዘቱ ተጽፎበት መምጣቱ ነው። ስለዚህ አንብቡት። ስኳር፣ ኦቾሎኒ፣ አጃ ወይም ኮረሪማ የተቀላቀለበት አለ። ለቁርስ ያስደስታል፤ ለውድድር ማለዳ ግን ይዘቱ ላይ ገብስ ብቻ የሚል ይሻላል። ማሩንና ጨውን ራሳችሁ ለክታችሁ ስትጨምሩ ሆድ ከተረበሸ ምን እንደረበሸው ታውቃላችሁ፤ አምስት ነገር የገባበት ዱቄት ያስቸገራችሁ እንደሆነ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። የተፈጨበት ቀን ከሦስት ወር ያለፈውንም ተዉት። የተፈጨ ገብስ ውስጡ ያለው ጥቂት ዘይት እየቆየ ይበላሻል፤ ከረጢቱ ሲከፈት የቆየ ዘይት ከሸተተ አትብሉት።

ባልትና ቤት ስትሄዱ በእጅ ማየት ይቻላል፣ የቦታው ትልቁ ብልጫም ይኸው ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሁን። የጠቆረው ገብሱ አርሮ ነው፤ ይመራል፣ ማር ጨምረውበትም ምሬቱ አይሄድም። ቆንጠር አድርጋችሁ በፊት ጥርስ ስትፈጩት አሸዋ ከተሰማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ተጠፍጥፎ የሚቀር ዱቄት እርጥበት ይዟል፤ ነቀዝና ድርም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጥሩ ባልትና ያላት ሴት እነዚህን ስታዩ አትቀየምም፣ እንዲያውም መቼ እንዳስፈጨችው ሳትጠየቅ ትነግራችኋለች። በመስታወት ሳጥን ዘግቶ «እመኑኝ» የሚል ሱቅ ለሯጭ አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ ድካም ቢኖረውም ውጤቱ ከሁሉ የተሻለ ነው። ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይነፋል፣ መካከለኛ እሳት ላይ ይቆላል፣ ሳይጠቁር ይወርዳል፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይፈጫል። ትኩስ እያለ የተፈጨ ቆሎ እንፋሎቱን ከረጢቱ ውስጥ ይለቅና ዱቄቱን ያረጥበዋል። ሰው የሚሳሳተው ግን ወፍጮ ቤት ላይ ነው። ከእናንተ በፊት በርበሬ ወይም የተቀመመ ሽሮ የፈጨ ወፍጮ ትርፍራፊውን እናንተ በሶ ላይ ይጥላል። ቁርስ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ቃር ሆኖ ይመለሳል። ጤፍ ወይም ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ተራ ያዙ፤ የማይሆን ከሆነ ትንሽ ተራ ገብስ አስቀድማችሁ አሳልፉና ያንን ለቤት ለዩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ለምን መንገድ ላይ እንደሚከብድ። ከ100 ግራም በሶ ውስጥ 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ይህ ለሯጭ ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ፋይበር ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ፣ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ፋይበር አለው። በሶ ተበጥብጦ ሩብ ሰዓት ሲቀመጥ እንደ ሙቅ የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ጨጓራ ውስጥም ያው ነው የሚሆነው፤ ምግቡ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀድመው ሲበሉት ይህ ዝግታ ጥቅም ነው፤ ስኳሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ደም ውስጥ ይገባል። እየሮጡ ግን ደሙ ወደ እግር ጡንቻ ስለሚሄድ ሆድ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ያበጠው በሶ እዚያው ተቀምጦ ያንቦጨቦጫል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጎን ይወጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ትንፋሽ እዚህ ይበዛል። እያለከለኩ ደረቅ በሶ አፍ ውስጥ ማስገባት ዱቄቱን ወደ ሳንባ መሳብ ነው፣ ሳሉ ሁለት ኪሎ ሜትር ይከተላል።

የማለዳው አሠራር ይህ ነው። ለ60 ኪሎ ሰው 100 ግራም በሶ በኩሽና ሚዛን መዝኑ፣ ሁለቴ በደቃቅ ወንፊት ንፉ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ገለባ ነው፤ ሆድን በብዛት የሚረብሸው እሱ ስለሆነ ለመጣል አትሳሱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሩ፣ ይህም 40 ግራም ገደማ ነው፣ ጨው በሁለት ጣት ቆንጥሩበት። ውሃውን በአንድ ጊዜ አታፍስሱ፤ ይጓጉላል። መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ በማንኪያ ለጥ አድርጋችሁ አሹት፣ ሊጥ ሲመስል ቀሪውን እስከ ግማሽ ሊትር እያፈሰሳችሁ በጥብጡ። ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ ይሁን። እንደተበጠበጠ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠጡት። አንድ ላይ ወደ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል፤ ለዚህ ክብደት በቂ ነው።

ሰዓቱ ላይ አትደራደሩ። ውድድሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ በሶው ከሌሊቱ 9 ሰዓት መጠጣት አለበት። ለዚያ ሰዓት መነሳት ይከብዳል፣ ግን 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ በሶ መነሻው መስመር ላይ ገና ጨጓራ ውስጥ ነው። መነሳት ያልሆነለት ሰው በሶውን ትቶ ነጭ ዳቦ በማር ይብላ፤ ቶሎ ይወርዳል።

በውድድሩ ሰዓት የሚያስፈልገውን ብርዝ ይሸፍነዋል። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፤ ምንም ሳይወስዱ የሚሮጡ ሰዎች ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበታቸው የሚከዳቸው እሱ ሲሟጠጥ ነው። ስለዚህ አራትና አምስት ሰዓት የሚሮጥ አማተር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ አለበት። 1 ሊትር ውሃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የተጣራ ማር፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው፤ ከዚህ ውስጥ በሰዓት ግማሽ ሊትር በየ15 ደቂቃው ጎንጨት እያሉ ሲጠጡ ወደ 35 ግራም ይገባል። መካከለኛ ሙዝ ለሁለት ተከፍሎ ሲጨመር ስሌቱ ወደ 60 ይጠጋል። ማሩን አብዝቶ ወደ 90 ለማድረስ መሞከር ግን አያዋጣም። ማር ውስጥ ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር ግሉኮስ ከተባለው ይበልጣል፤ ፍሩክቶስ ሲበዛ አንጀት ሙሉ በሙሉ አይመጠውም፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ለተጨማሪው የተቀቀለ ድንች በጨው ይሻላል፤ የድንች ስታርች ወደ ግሉኮስ ነው የሚፈርሰው።

የማሩ ምርጫም ቀላል አይደለም። ሰፈፉ ያልወጣለት የቀፎ ማር የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል፤ ንጹሕ ነጠላ ወይም ናይለን ላይ አጥሩት። ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፣ በአዲስ አበባ ማለዳ ብርድም ጭራሽ ይጠጥራል። ማታውኑ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ማሩን አሟሙታችሁ ካላደራችሁት ጠዋት ታቹ ተጋግሮ፣ ላዩ ውሃ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያደረ ብርዝ መፍላት እንዳይጀምር ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር።

ከጄል ጋር ሲነጻጸርስ? አንድ ጄል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ልኩ አይሳሳትም። ፈጣን ለሆነና ብልቃጥ መያዝ ለሚያስቸግረው ሯጭ ይህ ቁም ነገር ነው፤ ገንዘቡም ያወጣል። ችግሩ እዚህ ከተማ ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው። ልምምድ ላይ የለመዱት ዓይነት በውድድሩ ሳምንት ከጠፋ፣ በሌላ ዓይነት ከመተካት ብርዝ ይሻላል። ብርዝ መቼም አይጠፋም።

አልትራ ላይ፣ ማለትም ከማራቶን በሚረዝም ሩጫ ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደርባንና ፒተርማሪትዝበርግን የሚያገናኘው፣ በ1921 የተጀመረው ኮምሬድስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜም 12 ሰዓት ነው። ይህን ያህል የሚቆይ ሰው ጣፋጭ ብቻ ሲጠጣ ቢውል አፉ ይታክታል፣ ሆዱም ጠጠር ያለ ነገር ይለምናል። ዳገት በእርምጃ ሲወጣ ትንፋሽ ረገብ ስለሚል በሶ ያኔ ይበላል። 30 ግራም የተነፋ በሶ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና ጥቂት ውሃ ጋር አሽታችሁ ድብልብል አድርጉት፤ አንዱ ወደ 38 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ለሁለት ከፍላችሁ በ20 ደቂቃ ልዩነት ብሉት፣ እያንዳንዱን ቢያንስ በ150 ሚሊ ሊትር ተራ ውሃ አወራርዱት። በብርዝ ማወራረድ ስህተት ነው፤ ስኳር በስኳር ላይ ሆኖ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ ድብልብል በላብ ይሟሟል፣ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ጥጉን በጥርስ በጥሳችሁ እየገፋችሁ ብሉ።

ጭኮን ከበሶ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ አለ። ጭኮ ቅቤ አለበት፤ ቅቤ ጨጓራን የበለጠ ያዘገያል። ለተራራ ጉዞና ለረጅም እርምጃ ጥሩ ነው፣ ለማራቶን ማለዳ ግን አይሆንም። ተልባ ደግሞ ሆድ ያላላል፣ በውድድር ዋዜማ ጨርሶ አይነካ። ግሉተን፣ ማለትም ገብስና ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የማይስማማው ሰው በሶን በሙሉ ይተወው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ከውድድሩ በፊት ያሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ናቸው። ያኔ የሚፈለገው በቀን በኪሎ ክብደት ከ8 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው እስከ 600 ግራም። ይህን በበሶ ብቻ ልሙላ ያለ ሰው 850 ግራም ገደማ መብላት ይኖርበታል፣ አብሮም ሰውነቱ የማይችለውን ፋይበር ይጭናል። እነዚያን ቀናት ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ ይሸከሙት፤ በሶ ለውድድሩ ማለዳ ይቆይ።

ከሩጫ በኋላ 60 ግራም በሶ በ300 ሚሊ ሊትር ወተትና በአንድ ማንኪያ ማር በጥብጦ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ መጠጣት የተሟጠጠውንም ይመልሳል፣ ለጡንቻም ፕሮቲን ይሰጣል። በጾም ወተቱ በኦቾሎኒ ቅቤ ሊተካ ይችላል፤ በዚህ ሰዓት ዝግታው አይጎዳም።

የበሶውንና የብርዙን ሙከራ ጃን ሜዳ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ሩጫ፣ ውድድሩ በሚጀመርበት ሰዓት አድርጉት። እዚህ በብርድ የተስማማ ልክ ግን ሌላ ከተማ ላይ ሊከብድ ይችላል። ሐዋሳ ላይ በሚካሄደው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን የሚሮጥ የአዲስ አበባ ሰው ከ1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ትንፋሹ ይቀለዋል፣ ፀሐዩ ግን ላብ ያፈሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ለ1 ሊትር ብርዝ ማሩን ከአራት ማንኪያ ወደ ሦስት ዝቅ አድርጉ፣ ጨውን እንዳለ ተዉት፣ በሰዓት የምትጠጡትን ከግማሽ ሊትር ወደ 700 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርጉ፤ የሚገባው ስኳር ያው 35 ግራም ገደማ ሆኖ ይቆያል።