ሹራብና ቲሸርት በቦሌ ለምታስገቡ፦ የሁለት ትራንዚተሮች አገልግሎት ሲመዘን

ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ስትመርጡ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ ቅጽ) ከመሙላቱ በፊት ልብሱን አውጥቶ የውስጥ ምልክቱን ያነባል ወይ? በዘንድሮው ጉዞ የሁለት ቢሮዎችን አገልግሎት አግኝቻለሁ፤ ልዩነታቸው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቢሮ ስልክ ያነሳል፣ ሰነድ በሰዓቱ ይቀበላል፣ ሰው ያከብራል። ታሪፍ ምደባ ላይ ግን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዕቃ የታሪፍ ቁጥሩን መለየት ላይ፣ ደካማ ነው። ስድስት ካርቶን ጭነት በሙሉ «ልብስ» ብሎ በ61.09፣ በቲሸርት ቁጥር፣ አንድ መስመር ሞላው። ካርቶኖቹ ውስጥ የጥጥ ቲሸርት፣ የአክሪሊክ ሹራብ፣ የወንድ ፖሎ፣ የሕፃን ልብስና ካልሲ ነበር። ጭነቱ ቀይ መስመር ወድቆ ሲፈተሽ ዕቃውና ወረቀቱ አልገጠሙም፤ እስኪታረም ድረስ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ፈታሹ ሥራውን ነው የሠራው፣ ጥፋቱ የአሞላሉ ነው።

የቢሮው መልስ «የሁሉም ቀረጥ 35 በመቶ ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ነው። መጣኔው ልክ ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነው፤ እዚያ የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት 32 በመቶ ስለሆነ ክሩ ራሱ ኪስ ይነካል። እኛ ጋ ጉዳቱ የሚመጣው በዋጋ በኩል ነው። ጉምሩክ ያቀረባችሁትን ዋጋ ሲጠራጠር ከተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ጋር ያመሳክራል፤ ሹራብ በቲሸርት ስም፣ ቲሸርት በሹራብ ስም ከገባ ንጽጽሩ ከሥሩ ይበላሻል። ዋጋው ከፍ ካለ ደግሞ የሚደራረበው ሁሉ አብሮ ይወጣል። 100 ብር ዋጋ ላይ ቀረጡ 35 ብር ነው፤ ኤክሳይዝ ከሌለበት ቫቱ በ135 ላይ ተሰልቶ 20.25 ብር ይሆናል፤ 10 በመቶ ሱር ታክሱ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ታክስ) ደግሞ ቫቱን ጨምሮ በ155.25 ላይ ይሰላል።

ሁለተኛውን ቢሮ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ባለሙያዋ ከየካርቶኑ አንድ አንድ ልብስ አወጣች፣ ጨርቁን ገልብጣ በአጉሊ መነጽር አየች። ክሩ እርስ በርሱ በቀለበት ከተያያዘ የሹራብ አሠራር ነው፣ የታሪፉ ምዕራፍ 61፤ ድርና ማግ ከሆነ የተሸመነ ነው፣ ምዕራፍ 62። ብዙ ሰው ሹራብ ሲባል ወፍራሙ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ተራ ቲሸርትም እዚሁ ነው የሚገባው።

ፖሎው ላይ የሠራችው ሥራ ነው ያስደሰተኝ። የወንድ ሸሚዝ 61.05፣ የሴት 61.06 ነው፤ ሁለቱም ግን ከወገብ በታች ኪስ ያለውን፣ ታችኛው ጠርዙ ላይ የሚጠብቅ ሪብ (ሽንትር ያለው ተለጣጭ ጠርዝ) ያለውን፣ ወይም ቀለበቱ ላላ ብሎ የተሠራውን አይቀበሉም። መላላቱ በግምት አይባልም። ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ላይ፣ በርዝመትም በወርድም፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር በአማካይ ከ10 ያነሰ ቀለበት ከተቆጠረ ሸሚዝ መሆኑ ቀረ። ማስመሪያ ዘርግታ በመርፌ ጫፍ ቆጠረች። ወፍራሙ፣ ጠርዙ ሪብ የሆነው ፖሎ ወደ 61.10፣ ወደ ሹራብና ፑልኦቨር ቁጥር፣ ሄደ፤ ቀጭኑ፣ ቀለበቱ የጠበቀው 61.05 ላይ ቀረ። ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀ የፊት መዘጊያው ይታያል፦ ግራው በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ ቀኙ በግራው ላይ ከሆነ የሴት።

ቅልቅል ክር በክብደት ብልጫ ይመደባል። 60 በመቶ አክሪሊክና 40 በመቶ ሱፍ ያለው ሹራብ 6110.30 (የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ) ነው፣ ሻጩ «የሱፍ» ብሎ ቢጽፍም። ግማሽ በግማሽ ጥጥና ፖሊስተር ቲሸርት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ እኩል ሲሆን በቁጥር ቅደም ተከተል የመጨረሻው ይወሰዳል፣ ስለዚህ የጥጡ 6109.10 ሳይሆን የሌላው ክር 6109.90።

የሕፃን ልብስ ቁመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ልጅ ከሆነ ቲሸርትም ይሁን ካልሲ 61.11 ይቀድማል። ስለዚህ ምልክቱ ላይ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበትን ግዙ፤ «ኤም» እና «ኤል» ብቻ ያለበት ክርክር ያመጣል። ጡት መያዣ የሹራብ አሠራርም ቢሆን 62.12 ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያቆም የሴት ሌጊንግ 61.04፣ የእግር ጣት ድረስ የሚሸፍነው ታይት 61.15።

ከዘመድ የተሰበሰበ ያገለገለ ልብስ ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው፤ አንድ ማዳበሪያ ልባሽ ንጹሑን ጭነት አብሮ ያስይዛል።

ለሁለቱም ቢሮዎች የሰጠሁት ኢንቮይስ «ጋርመንትስ» የሚል ነበር፣ ይህ የላኪው ጉድለት ነው። በየመስመሩ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «የወንድ ፑልኦቨር፣ የሹራብ አሠራር፣ 100 በመቶ ጥጥ፣ 120 ፍሬ፣ 48 ኪሎ ግራም፣ የአንዱ ዋጋ»። ፓኪንግ ሊስቱ ደግሞ የትኛው ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ይለይ፤ ያኔ ፈታሹ የፈለገውን ካርቶን ብቻ ከፍቶ ያመሳክራል። አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግማችሁ የምታስገቡ ከሆነ ናሙና ይዛችሁ ጉምሩክ ኮሚሽንን የታሪፍ ቅድመ ውሳኔ (ዕቃው ከመግባቱ በፊት የታሪፍ ቁጥሩን የሚወስን) ጠይቁ። የመጀመሪያው ቢሮ ይህን አንድም ጊዜ አላነሳም፤ ሁለተኛዋ ማመልከቻውን ራሷ አዘጋጅታ ከናሙናው ጋር በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ።