የቲዎሪ ፈተና ለሚጠብቃችሁ፦ የቱሉ ዲምቱውን መምህራችንን ላመስግን

ትናንት የመንጃ ፈቃድ የቲዎሪ ፈተናዬን አለፍኩ። ሁለተኛ ሙከራዬ ነው። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም፤ ያስተማሩኝን ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ጎረቤቶቼም ብታውቋቸው ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቦታ የተሰጠኝ የጥያቄና መልስ ወረቀት ነበር። "ይህን ሸምድጂ፣ ይበቃሻል" ተባልኩ። ልጆቼን እያስተኛሁ እስከ እኩለ ሌሊት ሸመደድኩ። ፈተናው ላይ ጥያቄዎቹ አነጋገራቸውን ቀይረው መጡ። ወደቅኩ። ያ ሁሉ ድካሜ ውሃ በላው። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ከዚያ ወደ አሁኑ መምህሬ ሄድኩ። ጋሼ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ወረቀቱን አዩና "እሱን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው" አሉኝ። ከዚያ ይዘውን ወደ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወጡ። ዳር ቆመን መኪኖቹን አየን። መብራትም፣ ምልክትም፣ ትራፊክም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። አደባባይ ላይ ግን ውስጥ ገብቶ ከግራ በኩል እየዞረ ለሚመጣው ነው። ሁለቱ ሁሌ ይምታቱብኝ ነበር። "የሚዞረው ለሚገባው ይቁም ቢባል ምን ይሆናል?" ብለው ጠየቁን። እኛው መለስነው፤ አደባባዩ ይዘጋጋል፣ ማንም መውጫ አያገኝም። ከዚያ ወዲህ ተምታቶብኝ አያውቅም።

ፍጥነትን ደግሞ በእግራችን አስተማሩን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ 17 ሜትር ለክተው አስኬዱን። "ልጅ ዘሎ ሲገባ አየሽ እንበል። እግርሽ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅብሽ መኪናው ይህን ሁሉ ሄዷል፤ ገና ፍሬን አልያዘም" አሉ። ጫፉ ላይ ቆሜ ዞር ስል ልጆቼ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ነበር። ያን ቀን ነገሩ ከፈተና በላይ መሆኑ ገባኝ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ይህንንም ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ አስረዳለሁ።

የሞተሩን ክፍል ፈርቼው ነበር። ኮፈን ከፍተው እያስነኩ አሳዩን። ባትሪው ሞተሪኖውን፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ በቺንጋ (በሚዞር ቀበቶ) ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞው መልሶ ባትሪውን ይሞላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ምልክቶቹንም በቅርጽና በቀለም ለይተው ነው ያስያዙን።

አንድ እናት እየደጋገሙ ሲጠይቁ የጋሼ ፊት ተቀይሮ አላየሁም። ክፍል ካለቀ በኋላ ለቆዩልን ሰዓት ተጨማሪ ብር አልጠየቁንም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የተግባር ፈተናዬ ሲደርስም እመጣለሁ። ስልካቸው እዚህ ባይጻፍ ይመርጣሉ፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የሚያስተምሩት ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ነው። ደብተርና የሚመች ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ትቆማላችሁ።