ኔትወርክ ቢጠፋም የሚሠሩ ነፃ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛዎች

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ስቴፕ ባይብልን ነው የምመርጠው። ያዘጋጀው ካምብሪጅ ያለው ቲንደል ሃውስ የሚባል የምርምር ተቋም ነው። ክፍያ የለውም፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይቺ ነገር ለእኛ ለጅማ ሰዎች ቀላል አይደለችም። ክረምት ላይ ማታ ማታ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ዳታውም ቢሆን እስኪያልቅ አይታወቅም። አንድ ሰው ፋይሉን ካወረደ ግን የጥናት ቡድኑ በሙሉ በፍላሽ ይቀባበለዋል።

አሠራሩን ለማየት ሩት ምዕራፍ 1ን ክፈቱ። አንድ ቃል ስትነኩ የዕብራይስጡ ቃል፣ ንባቡና ፍቺው ይወጣል፤ ከዚያ ቃሉ የገባበትን ቦታ ሁሉ አምጣልኝ ማለት ትችላላችሁ። “መመለስ” የሚለውን ግስ ሞክሩት። በዚያች አንድ ምዕራፍ ብቻ 12 ጊዜ ይመጣል። ኑኃሚን ወደ ይሁዳ ስትመለስ፣ ምራቶቿን ተመለሱ ስትል፣ ዖርፋ ስትመለስ፣ ሩት ደግሞ ተመለሺ አትበይኝ ስትል፣ ሁሉም ላይ ያው ግስ ነው። ምዕራፉን ስንት ጊዜ አንብባችሁት እንኳ ይሄ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ እዚህ ግን በአንድ ንክኪ ተደርድሮ ይመጣል።

የዚህ ሁሉ መሠረት ጄምስ ስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1890 ያሳተመው የቃላት ማውጫ ነው። ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል ቁጥር ሰጠ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ማጥኛዎች በዚያ ቁጥር ነው የሚሄዱት። አንድ ነገር ግን ከልቤ ያሳስበኛል። ቁጥሩን ስትነኩ አምስት ስድስት ፍቺ ይደረደራል፤ ሰው ከዚያ ውስጥ ደስ ያለውን አንስቶ “በግሪኩ እንዲህ ነው የሚለው” ብሎ ይሰብካል። እንዲህ አይሆንም። የትኛው ፍቺ እንደሚገባ የሚወስነው ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ሰዋስው ሳይማሩ ቁጥር ማሳደድ ያሳስታል።

ለዚህ መድኃኒቱ ኔት ባይብል የሚባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ተርጓሚዎቹ ለምን እንደዚያ እንደተረጎሙ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ከ60 ሺህ በላይ ናቸው፤ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይነበባሉ። ረጅም ነው፣ ያደክማል፤ ግን ሰው ሲከራከር ቁጭ ብላችሁ እንደምትሰሙ ነው የሚሰማችሁ።

ኮዴክስ ሲናይቲከስን ማንም እንዳያልፈው። የአራተኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ብራና ነው፤ ቅጠሎቹ ለንደን፣ ላይፕዚግ፣ ሴንት ፒተርስበርግና ሲና ተራራ ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም ተበትነው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን አንድ ድረ ገጽ ላይ ተሰብስበዋል። የማርቆስን መጨረሻ ፈልጉ። ጽሑፉ 16፥8 ላይ ያበቃል፣ ከታች ባዶ ብራና ይቀራል፣ ሉቃስ በሚቀጥለው ዓምድ ይጀምራል። “ከ16፥9 እስከ 20 ያለው በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች የለም” የሚል ማስታወሻ መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ግርጌ ላይ ካያችሁ፣ ከየት እንደመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ስልክ ብቻ ላላችሁ አንድባይብል ይበቃል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የስትሮንግን መዝገበ ቃላት አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ ትጠቀማላችሁ። የቃል ድምፅ መስማት ከፈለጋችሁ ብሉ ሌተር ባይብል አለ። ዩቨርዥን ለቋንቋ ጥናት ብዙም አይረዳም፤ ግን አማርኛውም አፋን ኦሮሞውም አለበት፣ ጅማ ላይ ደግሞ አብረን ስናጠና ሁለቱም ያስፈልጉናል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 እንደታተመ ሳስብ፣ ዛሬ ቃሉ በየኪሳችን መሆኑ ደስ ይለኛል።

የጎደለው አማርኛ ነው። ፍቺውም ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ግዕዝ የተማረ ሰው ለዕብራይስጥ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፤ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ግን በሩን ይዘጋበታል። ስቴፕ ባይብል የመዝገበ ቃላቱን ዳታ ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ ለቆታል። ስለዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠኑ ልጆች፣ እባካችሁ ግዕዝ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ጀምሩት፤ ሩት አጭር ናት፣ ከእሷ መነሳት ይቻላል።