«ማይነስ 10» ተብሎ የተሸጠልኝ ስሊፒንግ ባግ

ለሐምሌ 19 ቁልቢ ለመሄድ፣ ወይም በክረምቱ ተራራ ለመውጣት ስሊፒንግ ባግ (ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) የምትፈልጉ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ አምና 4,200 ብር ተበልቻለሁ።

የገዛሁት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ሱቁን አልጠራም። ያው ዕቃ አራት አምስት ቦታ ተሰቅሎ ስላየሁ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ማስቀመጫው ላይ በትልቁ «-10» ተጽፏል፤ እስከ ማይነስ 10 ዲግሪ ብርድ ያስተኛል ለማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ውኃ አያስገባም ይላል። ሳነሳው አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ አይሞላም፤ ይሄ ነው የማረከኝ። «ይሞቃል ግን?» አልኩት ሻጩን። «አቦ፣ በረዶ ላይ ተኛበት!» አለኝ። የድሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለ በረዶ የሚያወራ ሰው ማመኔ የራሴ ጥፋት ነው።

ነሐሴ ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በፉኛን ቢራ በኩል ቁንዱዶ ተራራ ወጣን፤ የዱር ፈረሶቹን እናያለን ብለን። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ ላይ ናት። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ላይ ከድሬ ከ10 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ማታ ዝናቡ ለቀቀው። ድንኳናችን አላፈሰሰም። ግን የአራት ሰው ትንፋሽ ግድግዳው ላይ ውኃ ሆኖ ወረደ፤ እግሬ ስር ያለው የባጉ ጫፍ ያንን ጠጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ጃኬት ለብሼ፣ ሁለት ካልሲ አድርጌ፣ የጓደኛዬን ጋቢ ደርቤ ነጋልኝ። ልብ በሉ፣ ዜሮ እንኳ አልደረሰም። ጠዋት የውኃ ጠርሙሳችን ውስጥ አንዲት በረዶ አልነበረችም።

ቤት ስገባ በንዴት ስፌቱን ተረተርኩት። ውስጡ ከጃኬት ገበር የሳሳ አንድ ንጣፍ ነው። ወደ መስኮቱ ስይዘው የጣቴ ጥላ ይታያል። ስፌቱም ከላይኛው ጨርቅ እስከ ታችኛው በስቶ አልፏል። መርፌ ባለፈበት መስመር ሁሉ ሙሌት የለም፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ልመልስ ስሄድ «የተቀደደ ዕቃ አልቀበልም» አለኝ። እዚህ ላይ እንኳ አልፈርድበትም።

ላባ ሳይሆን ሰው ሠራሽ ሙሌት (ፖሊስተር) መምረጤ ግን ስህተት አልነበረም። የሚያሞቀን ሙሌቱ ራሱ ሳይሆን በመሃሉ የተያዘው አየር ነው። የዳክዬና የዝይ ላባ ደረቅ ሲሆን ቀላልም ሞቃትም ነው፤ ሲረጥብ ግን ተጣብቆ ይተኛል፣ አየሩም ይጠፋል። ፖሊስተር ውኃ ብዙም ስለማይጠጣ ቢረጥብም ትንሽ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። ፕሪማሎፍት የሚባለው ሙሌት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ለአሜሪካ ጦር በላባ ምትክ የተሠራው ለዚህ ነበር። ችግሩ ክብደት ነው። ያንኑ ያህል ሙቀት ለማግኘት ከላባ የበለጠ መሸከም አለባችሁ። ስለዚህ በ700 ግራም ፖሊስተር «-10» ካሏችሁ ሳቁና እለፉ። ዜሮ አካባቢ በደህና የሚያስተኛውም ከአንድ ኪሎ በታች ሲሆን ልጠራጠር። ቀፊራ ገበያ ሚዛን ያለው ሰው አይጠፋም፣ አስመዝኑት።

ቁጥሩም ራሱ ተንኮል አለው። አይኤስኦ 23537 በሚባለው ዓለም አቀፍ የስሊፒንግ ባግ ደረጃ የተፈተነ ባግ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ተመችቷችሁ የምትተኙበት ነው። ሁለተኛው አዋቂ ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርበት ነው። ሦስተኛው የነፍስ ማትረፊያ ነው፤ ስድስት ሰዓት ያህል በሕይወት ሊያቆይ ይችላል እንጂ እንቅልፍ የለበትም። ነጋዴ ጮክ ብሎ የሚነግራችሁ ያንን የመጨረሻውን ነው። የኔው ላይ ያለችው ደግሞ ብቻዋን የተጻፈች ቁጥር ነበረች፤ ማን እንደለካት እግዜር ይወቅ።

ሱቅ ውስጥ አስወጡትና አዘርጉት። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ካልተነፋ፣ ማታም አይነፋላችሁም። «እሱን ከፍቼ አላሳይም» የሚላችሁን ተሰናበቱት። «ውኃ አያስገባም» የሚለውንም በሰፊው አትመኑ፤ ጨርቁ ጠብታ ቢያንከባልል እንኳ በስፌቱና በዚፑ ይገባል።

እኔ አሁን የምተኛበት ሰልባጅ ነው፤ 1.4 ኪሎ፣ 2,000 ብር። ሰልባጅ ስትገዙ ለዓመታት ታሽጎ የኖረውን ተጠንቀቁ፣ ፖሊስተር ሲታመቅ ይሞታል። መሬት ላይም ያለ ምንጣፍ አትተኙ። ከጎናችሁ ስር ያለው ሙሌት በክብደታችሁ ስለሚጫን ብዙም አያሞቅም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ያው ባግ፣ ያው ቀለም፣ ያው ስፌት። ዘንድሮ ላዩ ላይ የተጻፈው «-20» ነው።